የጓሮው ቲማቲምና የመጋቢት ማርያም ጽዋ

በቢሾፍቱ ከተማ በአንድ ሰፈር የምንኖር ዐሥራ ሁለት ቤተ ሰቦች በእመቤታችን ስም የተሰበሰብንበት የጽዋ ማኅበር አለን። ጽዋው በየወሩ በ21 ቀን ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ወሮቹ ዐሥራ ሁለት፣ ቤቶቹም ዐሥራ ሁለት ስለ ሆኑ ተራው ሳይዛነፍ በየዓመቱ ይመላለሳል፤ እያንዳንዱም አባል የራሱን ወር እንደ ልጁ ስም ያውቀዋል። ከእነዚህ አባሎች መካከል የመጋቢት ወር የደረሳቸው አንዲት ወይዘሮ አሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ልጆቻቸውም ለየኑሯቸው ርቀው ሄደዋል፤ እርሳቸው የሚተዳደሩት በጥቂት የጡረታ ገንዘብና ከጓሮአቸው በሚለቅሙት አትክልት ነው።

የትንሣኤ በዓል ከመጋቢት 26 ቀን አስቀድሞ ስለማይውል፣ የዐቢይ ጾምም መግቢያ ቢዘገይ ከመጋቢት 5 ቀን ስለማያልፍ፣ መጋቢት 21 ቀን በየትኛውም ዓመት ቢሆን በጾሙ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ የመጋቢት ባለተራ ሥጋና ቅቤ፣ ወተትና ዕንቁላል የሌለበትን ማዕድ ለዐሥራ ሁለት ቤት ሰው ማዘጋጀት አለባት። እንዲህ ያለውን ማዕድ ባዶ እንዳይመስል የሚያደርገው ጓሮ ነው፤ ከጓሮውም አትክልት ሁሉ ይልቅ ቲማቲም ነው። ይህን የጾም ወጥ የሠራች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች።

የ2016 ዓ.ም. በጋ ለእኒህ ወይዘሮ ክፉ ነበረ። ከሱቅ በተገዛ በአንድ ከረጢት ዘር ስድሳ እግር ቲማቲም አፍልተው ሁሉንም በአንድ ቀን ተክለው ነበር። ዘሩ ውድ ነበረ፤ ሻጩም ፍሬው ትልቅና ለገበያ የሚስማማ መሆኑን ነግሯቸዋል፤ ይህም ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን በኅዳር ወር ያለ ጊዜው የመጣ ዝናብ ለብዙ ቀን ጣለ፤ ሌሊቱ ቀዘቀዘ፤ ቅጠሉም ሳይደርቅ ውሎ ሳይደርቅ አደረ። ከዚያም በኋላ በቅጠሉ ጫፍ ላይ የፈላ ውኃ የነካው የሚመስል ጥቁር ምልክት ታየ። በመጀመሪያው ቀን የታመመው ሦስት እግር ነበረ፤ በሳምንቱ የመደቡ እኩሌታ ጠቈረ፤ ሁለተኛው ሳምንት ሳይሞላ ከስድሳው አንድ እንኳ አልተረፈም።

በየካቲት ወር ወይዘሮዋ ወደ ማኅበሩ ሙሴ ቤት መጡ። ነገሩን በቀጥታ አላነሡትም፤ ስለ ጤናና ስለ ልጆች ብዙ ከተጨዋወቱ በኋላ፣ ሊወጡ ሲሉ በደጃፉ ቆም ብለው፣ «ዘንድሮ መጋቢትን ለሌላ ሰው ብታዞሩልኝ ምናልባት ይከፋችሁ ይሆን?» አሉ። ሙሴው ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ተራው አልዞረም፤ ጽዋው በወይዘሮዋ ቤት ዋለ፤ ወጪውን ግን ሌሎቻችን ተካፈልነው። ሁሉም በፍቅር ተደረገ፤ ክፉ ቃል የተናገረም አልነበረም። ሆኖም በዚያ ቀን ወይዘሮዋ በገዛ ቤታቸው እንደ እንግዳ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው መዋላቸውን ከመካከላችን የረሳው የለም።

ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጽዋው በሌላ ቤት ሳለ ይኸው ነገር እንደ ገና ተነሣ። ከማኅበርተኞቹ አንዱ ዕድሜአቸውን በእርሻ ሥራ የፈጸሙ ጡረተኛ ናቸው፤ እኛ ሁላችን ጋሼ እንላቸዋለን። እርሳቸውም፣ «እትዬ፣ ጥፋቱ የዝናቡ ብቻ አልነበረም። አንድ ዘር በአንድ መደብ በአንድ ቀን ተከሉ፤ በሽታውም አንድ በር ብቻ ማንኳኳት በቃው» አሏቸው።

ይህ በሽታ ድንችንም የሚያጠፋው ያው በሽታ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1845 ዓ.ም. አየርላንድ ገብቶ የድንቹን ማሳ ሁሉ ያጠቈረው እርሱ ነበረ። የዚያ አገር ድሆች በአብዛኛው ይተክሉት የነበረው ላምፐር የሚባለውን አንድ ዓይነት ድንች ነው፤ ድንችም በዘር ሳይሆን ከራሱ ተቈርጦ ስለሚተከል የአንዱ ማሳ ተክል ከሌላው ማሳ ተክል ጋር ፍጹም አንድ ነው። አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉን ጣለ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና ረሃብ ባስከተለው በሽታ አለቀ፤ ሌላውም ሚሊዮን አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ለዚህ ሁሉ እልቂት የአገዛዙም ጥፋት ታክሎበታልና በድንቹ ላይ ብቻ ማላከክ አይገባም፤ ቢሆንም ድንቹ ልዩ ልዩ ዓይነት ቢሆን ኖሮ መከራው ባልከፋ ነበር።

ጋሼ ይህን ከተናገሩ በኋላ እያንዳንዱ ቤት ያለውን የቲማቲም ዘር ጥቂት ጥቂት እያዋጣ ለወይዘሮዋም ለሚፈልግም ሁሉ እንዲከፋፈል ሐሳብ አቀረቡ። ሙሴው ግን አልተስማሙም። «ቲማቲም ያው ቲማቲም ነው፤ ዐሥር ስም ብናወጣለት ለድስቱ ምን ይጨምርለታል?» አሉ። ክርክሩ ጠላው እስኪያልቅ ቈየ፤ በመጨረሻም ዘሩ እንዲሰበሰብ ተወሰነ፤ ሙሴው ግን ሐሳባቸውን እንዳልለወጡ አስታወቁ።

የተሰበሰበው ዐሥር ዓይነት ሆነ። ጋሼ ከመልካሣ የእርሻ ምርምር ማእከል የወጡ አራት ዓይነቶችን አመጡ። ይህ ማእከል ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ለአገራችን አየር የሚስማሙ የቲማቲም ዝርያዎችን መርጦ በማውጣት የታወቀ ነው። ከአራቱ ሁለቱ መልካሳልሳና መልካሾላ ናቸው፤ እነዚህ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለገበሬዎች ተለቀቁ። ፈጣንና ቢሾላ ደግሞ ከእነርሱ ጥቂት ዓመታት ዘግይተው የወጡ ናቸው። ስማቸው ጠባያቸውን ይናገራል፤ መልካሳልሳ ትንንሽና ሥጋው የጠነከረ፣ ለሳልሳ የተመረጠ ነው፤ ፈጣንም በእውነት ፈጣን ነው፤ ከተተከለ በሰማንያ ቀን ገደማ ይቀላል። ቢሾላ ፍሬው ትልቅ ነው፤ አንዱ የሕፃን ልጅ እጅ ይሞላል።

ከሌሎቹ ቤቶች የመጡት ደግሞ በአገራችን ከቈዩ የውጭ ዝርያዎች ወገን ናቸው። ሮማ ቪ ኤፍ የሚባለው እንደ ዕንቁላል ሞላላ ነው፤ በስሙ መጨረሻ ያሉት ሁለት ፊደላት ተክሉን ከሥሩ የሚያጠወልጉትን ሁለት በሽታዎች እንደሚቋቋም ያመለክታሉ። ማርግሎብ ክብና ለስላሳ ነው፤ ይህንንም የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ማርቬልና ግሎብ የተባሉትን ሁለት ዓይነቶች አዳቅሎ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1925 ዓ.ም. አውጥቶታል። መኒ ሜከር ከእንግሊዝ አገር የመጣ፣ ትርጓሜው ገንዘብ አምጪ የሆነ፣ ቁመቱ እጅግ የሚረዝም ነው። ቼሪ የሚሉት ደግሞ ፍሬው ከወይን ዘለላ እንደ ተበጠሰ ፍሬ ትንሽ ነው።

ዘጠነኛው ስም የለውም። ከአባሎቹ አንዷ ከእናታቸው ቤት ያመጡት፣ ጠፍጣፋና እንደ ዱባ ጐድን ጐድን ያለው፣ ልጣጩ ስስ የሆነ ቲማቲም ነው፤ ከየት እንደ መጣ እናቲቱም ሳይናገሩ አረፉ። ዐሥረኛው ያው ባለፈው ዓመት ወይዘሮዋን ያከሠራቸው የሱቁ ድቅል ዘር ነበረ፤ ከከረጢቱ ግርጌ ጥቂት ፍሬ ቀርቶ ኖሯል። ይጣል ያሉ ነበሩ። ወይዘሮዋ ግን፣ «እርሱስ ምን አጠፋ? ከወንድሞቹ ጋር ይሞክር» አሉ።

እስቲ በዚህ ላይ ስለ ቲማቲም ትውልድ ጥቂት ልበል። የዱር ዘመዶቹ የሚገኙት በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች አጠገብ፣ ዛሬ ፔሩና ኤኳዶር በሚባሉት አገሮች ነው። የሜክሲኮ የጥንት ሕዝብ በእርሻው ሲያለማው ኖሮ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት እስጳንያውያን ወደ አውሮፓ አሻገሩት። አውሮፓውያን መርዛም ከሆኑ ዕፅዋት ጋር የቅርብ ዘመድ መሆኑን ስላወቁ ብዙዎቹ ለረጅም ዘመን ሊበሉት ፈርተው ነበር። እኛም ብንሆን የእምቧይ ዘመድ መሆኑን አስቀድመን ብንሰማ ኖሮ ወደ ወጣችን ለመጨመር ሳናመነታ አንቀርም ነበር፤ በእውነትም እምቧይ፣ ድንችና ቲማቲም አንድ ወገን ናቸው። ስሙም በሜክሲኮ ቋንቋ ቶማትል ሲባል ነበረ፤ ወደ እኛ የደረሰው በዐረቦች አንደበት ተለውጦ ነው።

ዘሩ በጥቅምት መጨረሻ በችግኝ መደብ ተዘራ። ወይዘሮዋ የተከሉት እንደ ዓምናው ስድሳ እግር ነው፤ ነገር ግን ከያንዳንዱ ዓይነት ስድስት ስድስት እግር አደረጉ። ከስድስቱም ሦስቱን ኅዳር 25 ቀን፣ የቀሩትን ሦስት ሦስት እግር ደግሞ ዘግይቶ ከተዘራ መደብ አምጥተው በታኅሣሥ ማለቂያ ተከሉ። ጋሼ በዚህ ነገር አጥብቀው ያሳስቡ ነበር፤ ከበሽታና ከውርጭ የሚያድነው የዘሩ መለያየት ብቻ ሳይሆን የጊዜውም መለያየት ነውና። ችግኙ እስከ ታችኛው ቅጠሉ ድረስ በጥልቀት ተተከለ፤ የቲማቲም ግንድ አፈር ከነካው ከግንዱ ሥር ያወጣል፤ ሥሩ የበዛ ተክልም ድርቅን ይችላል። የበሰበሰ ፍግ ከሥሩ፣ የገለባ ጉዝጓዝ ከላዩ ተደረገለት። ውኃው የሚጠጣው በማለዳ፣ ከሥሩ እንጂ ከቅጠሉ ላይ አልነበረም፤ ባለፈው ዓመት የሆነውን ያየ ሰው ቅጠል ማርጠብን ይፈራል።

ዐሥር ዓይነት መትከል ዐሥር ጠባይ ማወቅን ይጠይቃል። ከጎረቤቶቻችን አንዱ መኒ ሜከርን ሲገርዙ፣ ማለት በቅጠሉና በግንዱ መካከል የሚወጣውን ትርፍ ቀንበጥ ሲቈርጡ አዩና፣ ወደ ቤታቸው ሄደው ሮማውን በዚያው አኳኋን ገረዙት። መኒ ሜከር ሳያቋርጥ ወደ ላይ የሚያድግ ስለ ሆነ መገረዝና በካስማ መደገፍ ይጠቅመዋል፤ ሮማ ግን ቁመቱን ራሱ ወስኖ የሚቆም፣ ፍሬውንም በእነዚያው የጎን ቀንበጦች ላይ የሚያፈራ ነው። ጎረቤታችን ከስምንት እግር ሮማ አንድ ሰሐን የማይሞላ ፍሬ ለቀሙ። እስከ ዛሬ ድረስ መቀስ በእጃቸው ባየን ቍጥር እንስቃለን፤ እርሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ በረታ። የቲማቲም አበባ ከዐሥራ ሦስት ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ብዙ ጊዜ ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ትልቁ ቢሾላ የመጀመሪያ አበባውን በሙሉ ማለት ይቻላል አራገፈ፤ ቼሪው ግን ብርዱን ከምንም ሳይቈጥር ቋጠረ። ስም የለሹም በመጠኑ ቋጠረ፤ ምናልባት ከዚህ ከደጋው አየር ጋር ብዙ ዘመን ተላምዶ ይሆናል። በየካቲት ሙቀት ሲጨምር ቢሾላ ዳግመኛ አብቦ የዘገየውን ካሠ።

ጓሮው ያለ ፈተና አልቀረም። ባለሙያዎች ቱታ አብሶሉታ የሚሉት፣ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአገራችን የታወቀው ትል መጥቶ ነበር። ይህ ትል በቅጠሉ ሁለት ገጽ መካከል ገብቶ ውስጡን ይበላል፤ ከውጭ ሲታይ ቅጠሉ ነጭ መንገድ የተሣለበት ይመስላል። ለእርሱ የዝርያ መለያየት ምንም አልጠቀመም፤ ዐሥሩንም እኩል ጎበኘ። ወይዘሮዋ በየማለዳው የተበላውን ቅጠል እየለቀሙ ማቃጠል ሥራቸው ሆነ፤ ለስድሳ እግር ይህ ይቻላል፤ ለሰፊ እርሻ ግን እጅግ አድካሚ ነው። ቧንቧው ለአምስት ቀን በተቋረጠ ጊዜም የአንዳንዱ ፍሬ ግርጌ ጠቈረ። ብዙ ሰው ይህን በሽታ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ውኃው አንድ ጊዜ ሲበዛ አንድ ጊዜ ሲጠፋ ፍሬው የሚያስፈልገውን ካልሲየም ሳያገኝ ስለሚቀር ነው። ከዐሥሩ ይህ የጎዳው በተለይ ሞላላውን ሮማ ነበረ። ውኃው በተመለሰ ጊዜ በኋላ የተቋጠረው ፍሬ ደኅና ሆነ።

የመጀመሪያው ፈጣን የካቲት 14 ቀን ቀላ፤ ጾሙ የተያዘው የካቲት 17 ቀን ነው። ወይዘሮዋ ያንን ፍሬ አልበሉትም፤ ለጋሼ ላኩላቸው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ወራት መናገር ደስ ይላል። በዘወረደ ሳምንት የተለቀመው ከፈጣኑና ከቼሪው ብቻ ነበረ፤ በቅድስት ማርግሎብና ሮማ ጀመሩ፤ በምኵራብ መልካሳልሳና መልካሾላ በአንድ ጊዜ ቀልተው እጅ አሳጡ፤ በደብረ ዘይት ስም የለሹ ደረሰ፤ ቢሾላም በመጨረሻ መጣ። በአንድ ቀን ከተተከለ አንድ ዓይነት ዘር ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ በሦስት ሳምንት ውስጥ ተደራርቦ ደርሶ፣ ገሚሱ በርካሽ ይሸጥ፣ ገሚሱም ይበላሽ ነበር። እንዲህ ግን መደቡ ለኀምሳ አምስቱ ቀን በልክ እየሰጠ ዘለቀ።

ሙሴው «ለድስቱ ምን ይጨምርለታል» ያሉትንም ነገር ወጥ ቤቱ ራሱ መለሰው። ለስልስ ሮማና መልካሳልሳን የሚያህል አልተገኘም፤ ውኃቸው ጥቂት፣ ሥጋቸው ብዙ ስለ ሆነ ሽንኩርቱ ከበሰለ በኋላ ፈጥነው ይወፍራሉ፤ እንጨትም ዘይትም ይቈጥባሉ። ማርግሎብ ለድስት ሲሉት ውኃ ይሆናል፤ ለፍትፍት ግን ጭማቂው እንጀራውን ያርሰዋል፤ ከቃሪያ፣ ከቀይ ሽንኩርትና ከሎሚ ጋር ሲሆን ቅቤ አያስመኝም። ቢሾላ በክብ በክቡ ተቈርጦ ጨው ተነስንሶበት ብቻውን ይበላል። ቼሪውን ስለ ምን እንደ ተፈጠረ የሰፈራችን ልጆች ያውቃሉ፤ ወደ ቤት የገባው ጥቂት ነው። ከመልካሳልሳው የተረፈውን ወይዘሮዋ ለሁለት እየሰነጠቁ፣ ጨው እየነሰነሱ በቈርቈሮ ላይ በፀሐይ አደረቁት፤ የቢሾፍቱ የመጋቢት ፀሐይ በአራት ቀን ይጨርሰዋል፤ በክረምት ለሽሮ የሚሆን ሁለት ማሰሮ ሞላ። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ግን የበሰለ ቲማቲም ወደዚያ ባያስገባ መልካም ነው፤ ብርዱ መዓዛውን ያጠፋዋል።

በዚያ ዓመት መጋቢት 21 ቀን እሑድ፣ ያውም ገብር ኄር ሆኖ ዋለ። ከቅዳሴ ስንመለስ የወይዘሮዋ ደጅ ተጠርጎ ቄጠማ ተጎዝጉዞበት ነበር። ድፎ ዳቦው፣ ንፍሮው፣ ጠላው እንደ ልማዱ ነው። ከዚያም ምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ ስልስ፣ ፍትፍቱ፣ በትልቅ ትሪ ላይም ዐሥሩ ዓይነት ቲማቲም በየወገኑ ተደርድሮ ቀረበ። ዘንድሮ ያዋጣ ሰው አልነበረም፤ ሊያዋጣ ያሰበም ቢኖር ወይዘሮዋ ሳይሰማ ያልፉት ነበር። የበሩ አጠገብ መቀመጫ ባዶ ሆኖ ዋለ፤ እርሳቸው ከማዕድ ቤት ወደ እልፍኝ ሲመላለሱ ቁጭ ሳይሉ መሸ።

ቄሱ ጽዋውን ከባረኩ በኋላ ስለ ዕለቱ ወንጌል፣ መክሊቱን በምድር ውስጥ ስለ ቀበረው ሰነፍ ባሪያ በአጭሩ አስተማሩ። ከዚያም ወደ ትሪው ተመልክተው ፈገግ አሉና፣ «ያ ባሪያ በመቅበሩ ተወቀሰ፤ እናንተ ግን ይህን ሁሉ በልታችሁ ዘሩን ሳትቀብሩት ብትቀሩ ትወቀሳላችሁ» አሉ። ሙሴው ከዐሥሩ ሁሉ ቀመሱ፤ ስም የለሹን ሁለት ጊዜ ቀመሱት። ስለ ክርክሩ ግን ምንም አልተናገሩም፤ እኛም አላስታወስናቸውም።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ያ ዓመት ደግ ዓመት ነበረ፤ ኅዳር እንደ ወጉ ደረቀ፤ የ2016ቱ በሽታ አልመጣም። ቢመጣ ኖሮ ዐሥሩ ዓይነት ከእርሱ ያመልጡ ነበር ብዬ አልምልም፤ ይህ በሽታ ብዙውን የቲማቲም ዝርያ ይይዛልና። ምናልባት የዘገየው ተከላ ይተርፍ ነበር፤ ምናልባትም አይተርፍም። የታየው ግን በብርዱ ጊዜ ቼሪው፣ በውኃው መቋረጥ ጊዜ ክቦቹ፣ በገበያ ውድነት ጊዜ ፈጣኑ፣ አንዱ ሲደክም ሌላው መደቡን ይዞ መቈየቱ ነው።

ዘር የማስቀረቱ ሥራ የተጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። ቲማቲም አበባው በራሱ ስለሚዳቀል ዐሥሩ ዓይነት ጎን ለጎን ቢተከሉም እምብዛም አይቀላቀሉም፤ ይህ ለጓሮ ሰው ትልቅ ዕድል ነው። ዘሩ የሚወሰደው ትልቅ ፍሬ ከተገኘበት ሳይሆን ተክሉ በሙሉ ጤነኛና ብዙ ካፈራው ላይ፣ ፈጽሞ ከበሰለ ፍሬ ነው። ፍሬው ተሰንጥቆ ዘሩ ከነዝልግልጉ በብርጭቆ ይጨመቃል፤ ጥቂት ውኃ ተደርጎበት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቀመጣል። ይሸታል፤ ከላዩም ሻጋታ ይይዛል፤ አይጣል። ዘሩን የሸፈነው ዝልግልግ የሚለቀው በዚህ መፍላት ነው። ከዚያ ሲታጠብ ደኅናው ዘር ይዘቅጣል፤ ፍሬ ቢሱ ይንሳፈፋል። የዘቀጠው በሰሐን ላይ በጥላ ይደርቃል፤ በወረቀትም ቢያደርቁት ይጣበቃልና አይመከርም። ከዚያም በየፖስታው ስሙና ዓመቱ ተጽፎ በደረቅ ቦታ ይቀመጣል፤ እንዲህ የተያዘ ዘር አራት ወይም ዐምስት ዓመት ይበቅላል።

በአሜሪካ ዌስት ቨርጂንያ በምትባለው ክፍል፣ ሎጋን በተባለች ከተማ ባይልስ የሚባል የመኪና ራዲያተር ጠጋኝ ነበረ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1930ዎቹ፣ ድህነት በጠናበት ዘመን፣ የእርሻ ትምህርት ሳይማር፣ ትልልቅ ፍሬ የሚሰጡ የቲማቲም ዓይነቶችን በጓሮው ሰብስቦ እያዳቀለ ከየዓመቱ ምርጡን ዘር ያስቀር ጀመር። ብዙ ዓመት ከደከመ በኋላ ያገኘውን ችግኝ አንዱን በአንድ ዶላር ሸጠ፤ በዚህም ገንዘብ የቤቱን የስድስት ሺህ ዶላር ዕዳ በስድስት ዓመት ከፍሎ እንደ ጨረሰ በሽምግልናው ዘመን ተናግሯል። ቲማቲሙ እስከ ዛሬ ዕዳ አንሺ በሚል ስም ይዘራል። ጋሼ ይህን ታሪክ ሲነግሩን ወይዘሮዋ፣ «አንድ ዶላር ለአንድ ችግኝ!» ብለው ተደነቁ፤ ሌላውን አልሰሙትም።

ከሱቁ ድቅል ዘርም ይቀር እንደ ሆነ ተጠየቀ። የድቅል ተክል ፍሬ መልካም ቢሆንም ከዘሩ የሚወለዱት እናታቸውን አይመስሉም፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ክብ፣ አንዱ ሞላላ ይሆናል። ድቅሉን የሚወድ ሰው በየዓመቱ መግዛት ግድ ነው። ጋሼ ይህን አስረድተው ይተው አሉ፤ ወይዘሮዋ ግን እርሱንም በአንድ ፖስታ አስቀሩት። ፖስታው ላይ ስም አልጻፉም፤ «ያከሠረኝ» ብለው ጻፉበት።

ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በጽዮን በዓል፣ ጽዋው በሙሴው ቤት ነበረ። ወይዘሮዋ ከሁላችን ዘግይተው መጡ፤ ከኋላቸውም የጎረቤት ልጅ ትልቅ ትሪ ተሸክሞ ገባ። በትሪው ላይ በቆርቆሮ ጣሳና በተቈረጠ የውኃ መያዣ የተተከሉ ችግኞች ነበሩ፤ በየጣሳው አንገት የዓይነቱ ስም በክር ታስሯል። ለዐሥራ ሁለቱም ቤት ከየዓይነቱ ተከፋፈለ። ሙሴው የደረሳቸውን አንድ በአንድ እያነሡ ስሙን ካነበቡ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እትዬ፣ ያ ስም የሌለው የትኛው ነው?» አሉ።

ወይዘሮዋ አራት ጣሳ ለይተው አስቀምጠውላቸው ኖሯል።